ድንች መቼ እንትከል? ቀኑን ከሐምሌ ወደ ኋላ መቁጠር

(ለጎጃም ደጋ ገበሬዎችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ነገራችን ስለ አንድ ቀን ነው፤ ድንች አፈር ስለሚገባበት ቀን።

ጤፍ መቼ እንደሚዘራ ለጎጃም ገበሬ መንገር ለቄስ መጽሐፍ እንደ ማስተማር ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ስሌት አለው፤ አፈሩን በእግሩ ረግጦ፣ ሰማዩን አይቶ ያውቀዋል። ድንች ግን እንግዳ ሰብል ነው። ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ወደ አገራችን ያስገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ነው። ጎጃም ደርሶ ከጓሮ ወደ ማሳ እስኪወጣ ደግሞ ሌላ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ስለዚህ በድንች ላይ የምንሠራበት ደንብ አብዛኛው ከሌላ ሰብል የተዋስነው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዋናው «ዝናብ ሲጥል ዝራ» የሚለው ነው። ለገብስ የሚሆነው ይህ ደንብ ድንች ላይ ሲመጣ ይስታል። የገብስ ዘር ደረቅ ነው፤ ዝናብ እስኪመጣ ጎተራ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። የድንች ዘር ግን ከአምስት እጁ አራቱ ውሃ የሆነ፣ የሚተነፍስ፣ በየሳምንቱ የሚያረጅ ሕያው አካል ነው። ጠላቱም ከድርቅ ይልቅ የሐምሌ ጭጋግ ነው።

በአቆጣጠራችን ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ጸደይ ሲል መስከረምንና አደይ አበባን ያስባል፤ የጥንቱ ክፍፍል ግን ከክረምት በፊት ያለውን የበልግ ጊዜ ነው የሚለው። ይህን ያነሣነው በምክንያት ነው። የበልግ ድንች ሕይወቱ ያለው እዚሁ ጸደይ ውስጥ ነው። ጸደይ ሊገባ ሲል አፈር ይገባል፤ ጸደይ ሲያልቅ ከአፈር ይወጣል። ከዚያ ያለፈ ድንች ክረምት ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ክረምት የገባ ድንች ደግሞ ሌላ ዝግጅት፣ ሌላ ዝርያና ሌላ ወጪ ይፈልጋል።

ስለዚህ ቀኑን ከፊት ወደ ኋላ አንቁጠረው። «መቼ ዝናብ ይጀምራል?» ከማለታችን በፊት «ድንቹ መቼ ከአፈር መውጣት አለበት?» እንበል።

ከሐምሌ እንነሣ። ባለሙያው ሌት ብላይት የሚለው፣ ገበሬው «ምች መታው» የሚለው በሽታ ቅጠልን በሳምንት ተኩል ውስጥ አጥቁሮ ማሳን ባዶ ያደርጋል። ምች የሚለው ስም ግን ያሳስታል። ምች ስንል ፀሐይና ነፋስ ያቃጠለው ይመስለናል፤ ይህ ግን ሻጋታ መሰል ረቂቅ ሕይወት ነው። የሚወደው ከ10 እስከ 24 ዲግሪ የሆነ ቅዝቃዜና ለሰዓታት ሳይደርቅ የሚቆይ ቅጠል ነው። ይህ የሐምሌና የነሐሴ ደጋ ትክክለኛ መልክ ነው፦ ጠዋት ጭጋግ፣ ቀን ካፊያ፣ ማታ ጤዛ። በሽታው አንድ ቅጠል ከያዘ በአምስትና በስድስት ቀን ውስጥ ሌላውን የሚይዝ ዘር ያፈራል፤ ዘሩም በነፋስ ከማሳ ማሳ ይሄዳል። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየርላንድን በረሃብ የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። ማለዳ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ከጠቆረው ቦታ ዳር ዙሪያውን ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ እርሱ ነው። ፀሐይ ከጠነከረ በኋላ ነጩ አይታይም፤ ስለዚህ ፍለጋው የማለዳ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። ወራችን ሁሉ 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ይመቻል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ ለምሳሌ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ወይም ከእንጅባራ ዝቅ ባለው ደጋ፣ ድንች ከተተከለ እስኪቆፈር 105 ቀን ያህል ይወስዳል እንበል። ቁፋሮው ሰኔ 25 እንዲሆን ከፈለግን ተከላው መጋቢት 10 ይሆናል። ከመጋቢት 10 እስከ ሰኔ 10 ሦስት ወር፣ 90 ቀን፤ 15 ሲጨመር ሰኔ 25። በመካከሉ የሚሆነውን ደግሞ እዩት። በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ሚያዝያ መባቻ ላይ ይበቅላል። ሚያዝያ 20 አካባቢ ከሥሩ ፍሬ መያዝ ይጀምራል። ግንቦትን ሙሉ ፍሬው ይወፍራል። ሰኔ 12 ሚካኤል አልፎ ቅጠሉ ቢጫ ሲል ግንዱ ይታጨዳል፤ ከታጨደ በኋላ ልጡ እንዲጸና ከ10 እስከ 14 ቀን አፈር ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ይቆፈራል።

ከዚህ ቁጥር ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ድንቹ አብዝቶ ውሃ የሚጠጣው ፍሬ ከሚይዝበት ጊዜ ጀምሮ እስኪወፍር፣ ማለትም ከሚያዝያ 20 እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው። ያ ጊዜ በደጋችን ዝናቡ እየበረታ የሚመጣበት ነው። ዝናቡ የሚያንሰውና የሚቆራረጠው መጋቢት ላይ ነው፤ በመጋቢት ግን ድንቹ ገና ከዘሩ ውሃ እየጠጣ የሚኖር ነው። እንግዲህ የመጋቢት ዝናብ ትንሽ መሆኑ ብቻውን ለመዘግየት ምክንያት አይሆንም። ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ ጠብቆ «አሁን ዝናቡ ተስተካከለ» ብሎ የተከለ ሰው ውሃ አግኝቷል፤ ፍሬው የሚወፍርበትን ሰኔንና ሐምሌን ግን ለበሽታው አሳልፎ ሰጥቷል።

ይህን ስንል ግን ለጎጃም ሁሉ አንድ ቀን እየሰጠን አይደለም። የበልግ ዝናብ በየቦታው ይለያያል። በአዊ ደጋ በባንጃ፣ በጓጉሳና በፋግታ፣ በሰከላ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ በስናንና በቢቡኝ በልጉ የተሻለ ነው፤ አፈሩም ጥልቅ ሆኖ እርጥበት ይይዛል። እዚያ ቀድሞ የመትከል ስሕተት ከዘግይቶ የመትከል ስሕተት ይቀላል። በአዴት ሜዳ፣ በመራዊና በባሕር ዳር ዙሪያ ግን የበልግ ዝናብ አይታመንም፤ ዋናው ዝናብ የክረምቱ ነው። በዚያ በመጋቢት የሚተክል ሰው ቢያንስ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊያጠጣበት የሚችል ወንዝ፣ ጉድጓድ ወይም ቦይ ሊኖረው ይገባል። ባሕር ዳር ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ለድንች ይሞቃሉ። ድንች ፍሬ የሚይዘው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሌሊቱ ከሞቀ ቅጠሉ ያምራል፣ ከሥሩ ግን የሚገኘው ጥቂት ነው። የቆጋን መስኖ ለሚጠቀም ሰው ኅዳር ከመጋቢት ይሻለዋል።

በተቃራኒው 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያላችሁ የጮቄ ሰዎች 105 ቀን ብላችሁ አትቁጠሩ። ቅዝቃዜው እድገቱን ያዘገየዋል፤ 130 ቀን ያዙለት። ሰኔ መጨረሻ ለመቆፈር ተከላው ወደ የካቲት አጋማሽ ይገፋል፤ በየካቲት ደግሞ ሌሊቱ ገና ይበርዳል። የአፈሩ ሙቀት ከ8 ዲግሪ በታች ከሆነ ዘሩ ይተኛል። ስለዚህ በዚያ ከፍታ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ፣ ማለዳ ፀሐይ የሚያገኝ ተዳፋት ለበልግ ድንች ይመረጣል። ሜዳውና ሸለቆው ሌሊት ብርድ አየር የሚተኛበት ስለሆነ ውርጭ ይመታዋል። እዚያ ሁሉንም በሰኔ ማውጣት ካልተቻለ ማሳውን ከፍሎ ግማሹን በሽታ ለሚቋቋም ዝርያ መስጠት ይሻላል።

ቀኑ በቁጥር ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘሩ ነው። ከሁሉም በላይ ረዘም አድርገን ልንናገር የምንፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የዝናብ ጥፋት የሚባለው ብዙው በእውነቱ የዘር ጥፋት ነውና።

ድንች ከተቆፈረ በኋላ እንቅልፍ አለው። እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ምንም ብታደርጉት አይኑ አይነቃም። ከዚያ በአናቱ ላይ ያለው አይን ብቻውን ይነቃል፤ ትንሽ ሲቆይ ሌሎቹ ይከተላሉ። በመጨረሻ ሲያረጅ ጉንቁሉ እንደ ፀጉር ይቀጥናል፣ ዘሩም ይሸበሸባል። ለተከላ የሚፈለገው በመካከል ያለው ነው፦ ከሦስት እስከ አምስት ጉንቁል ያለው፣ የእያንዳንዱ ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር የሆነ፣ አጭርና ወፍራም፣ መልኩ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ የሆነ ዘር። በአናቱ አንድ ጉንቁል ብቻ ያለው ከተተከለ አንድ ግንድ ያበቅላል፤ አንድ ግንድ ማሳውን ሳይሸፍን ይቀራል። አናቱን በጣት ነቅላችሁ ሁለት ሳምንት ብርሃን ላይ ብታቆዩት ሌሎቹ አይኖች ይነቃሉ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ አድርጉት፤ ሁለተኛ ሲነቀል ዘሩ አቅም ያጣል።

እንግዲህ ሒሳቡን እዩት። ለመጋቢት 10 ተከላ የሚሆነው ዘር የተቆፈረው መቼ ነው? በመስኖ ለምቶ በየካቲት የተቆፈረ ከሆነ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። አፈር ብታገቡት አንዱ በወሩ፣ ሌላው በሁለት ወሩ ይወጣል፤ አንዳንዱም ሳይወጣ ይበሰብሳል። በገበያ በመጋቢት የሚገኘው ዘር ግን አብዛኛው ይህ ነው፤ ልጡ ያበራል፣ ያምራል፣ ሰውም ይታለላል። ሻጩን የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «መቼ ተቆፈረ?» ይሁን። ያ ዘር የሚሆነው ለሰኔ ነው። በክረምት በቅሎ በመስከረም መጨረሻ የተቆፈረው ደግሞ መጋቢት ሲደርስ አምስት ወር ተኩል ይሆነዋል። ጨለማ ቤት ወይም ጆንያ ውስጥ ከከረመ ነጭና ረጅም ጉንቁል አውጥቶ ስትነኩት ይሰበራል። ብርሃን ላይ ከከረመ ግን ለመጋቢት ከእርሱ የሚሻል የለም።

ብርሃን ላይ ማክረም ማለት ፀሐይ ላይ ማስጣት አይደለም። ፀሐይ ሳይነካው ብርሃንና ነፋስ የሚያገኝበት መደርደሪያ ማለት ነው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ክፈፉ ረዘም ያለ የሣር ክዳን፣ ግድግዳው ክፍት የሆነ፣ ውስጡ የቀርቀሃ ቆጥ። አዊ ቀርቀሃ ሞልቶታል። ድንቹ በቆጡ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ድርብ ብቻ ይነጠፋል፤ ቢከመር የታችኛው ብርሃን አያገኝም። በየሳምንቱ እየዞራችሁ የበሰበሰውን ልቀሙ፤ የድንች እሳት ራት የገባበትን፣ አይኑ አጠገብ ደቃቅ ኩስ የሚታይበትን አውጥታችሁ ቅበሩ። እንዲህ የተያዘ ዘር ስድስት ወር ድረስ ጉንቁሉ ሳይረዝም ይቆያል። እንቅልፍ ላይ ያለ ዘር ብቻ ያገኘ ሰው ደግሞ ሙቀት ባለበት ጨለማ ክፍል በገለባ ሸፍኖ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያቆየው፤ አይኑ ሲነቃ ወደ ብርሃን ያውጣው። ቀኑ ቢያልፍበት እንኳ ዘሩን ጠብቆ መትከል ከቀኑ ጋር ሮጦ የተኛ ዘር ከመቅበር ይሻላል።

ዘር ላይ ሌላም ፈተና አለ። የካቲትና መጋቢት ዐቢይ ጾም ነው፤ የድንች ዋጋ ይወጣል፣ በቤትም ሽሮውን የሚያግዝ ወጥ ይፈለጋል። ለዘር የተቀመጠው የእንቁላል መጠን ያለው ድንች ለገበያም ለድስትም ያስጎመጃል። ተሽጦ ኋላ የሚገዛው የዘር ምትክ ግን ከገበያ የተለቃቀመ ነው፤ ከማን ማሳ እንደ መጣ አይታወቅም። በዚህ መንገድ ነው የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ከወረዳ ወረዳ የዞረው። ዘሩ በጥር ተለይቶ ቆጥ ላይ ይውጣ፤ በብርሃን አረንጓዴ የሆነ ድንች ለመብል ስለማይሆን ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። አረንጓዴው መራራና መርዛም ነው፤ ለልጆችም ለከብትም አይሰጥ።

ሁለተኛው ጥያቄ አፈሩን ነው። ሰማዩን ከማየት መሬቱን ማየት ይበልጣል። ዶማ ይዛችሁ ማሳው ላይ አራትና አምስት ቦታ ቆፍሩ። እርጥበቱ ያለማቋረጥ ቢያንስ አንድ ስንዝር ወርዷል ወይ? ላዩ ረጥቦ ሥሩ ደረቅ ከሆነ የጣለው ዝናብ አልበቃም፤ ዘሩ በመካከል በደረቅና በርጥብ ተይዞ ይበላሻል። ከዚያ ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር ጨብጣችሁ እጃችሁን ክፈቱ። አልጨበጥ ብሎ ከፈሰሰ ደርቋል። ተጨብጦ ቆይቶ በአውራ ጣት ስትነኩት ከተበተነ ጊዜው ነው። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ሁለትና ሦስት ቀን ጠብቁ፤ በዚህ ሁኔታ በሬ ያስገባ ሰው መሬቱን ጓል ያደርገዋል፤ በጓል መካከል ደግሞ ድንች ተጣምሞ ያድጋል። ቀዩ አፈር ዝናብ በቆመ በማግሥቱ ይደርሳል። በቢቸናና በደጀን በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ግን ለድንች አይመክሩትም፤ ውሃ ሲያቁርበት ዘሩ አየር አጥቶ በሁለት ቀን ይታፈናል። ያለው እርሱ ብቻ ከሆነ በበልግ ብቻ፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይሞከር።

ሦስተኛው ዝናቡ መቀጠሉ ነው። የየካቲት ማብቂያ ዝናብ ብዙ ጊዜ ያታልላል፤ ሁለት ቀን ጥሎ ሦስት ሳምንት ይጠፋል። ያልበቀለ ዘር እንዲህ ያለውን ድርቅ ሁለት ሳምንት ያህል ይችላል፤ ውሃው ከራሱ ጋር ነውና። በቅሎ ሁለት ቅጠል ባወጣ ጊዜ ቢመጣበት ግን ግንዱ ይቀጭጫል፤ ኋላ ዝናብ ቢመጣም ፍሬው ያንሳል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወቅቱ ከመግባቱ በፊት የበልጉን አዝማሚያ፣ ከዚያም በየአሥር ቀኑ ትንበያ ያወጣል። የወቅቱ ትንበያ ምን ያህል ማሳ ለበልግ እንደምትሰጡ ለመወሰን ይጠቅማል፤ የአሥር ቀኑ ደግሞ ቀኑን ለመቁረጥ። አሥር ቀኑ ደረቅ ነው ከተባለና አፈሩም አንድ ስንዝር ካልረጠበ ጠብቁ። አፈሩ በደንብ ከረጠበ ግን ትንበያው ደረቅ ቢሆንም መትከል ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ 10 ሴንቲሜትር የነበረውን ጥልቀት 15 አድርጉት፣ ከተከላችሁ በኋላም አፈሩን በእግር መለስ አድርጋችሁ ርገጡት።

ከፍሎ መትከልም ይቻላል፤ ግማሹን መጋቢት 10፣ ግማሹን መጋቢት 25። አንዱን ድርቅ ቢያገኘው ሌላው ይተርፋል። ጥንቃቄው ሁለቱን ጎን ለጎን አለማድረግ ነው። ቀድሞ የተተከለው በሽታ ቢይዘው የበሽታውን ዘር ለኋለኛው ያወርሳል፤ የኋለኛው ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ይሁን።

ተከላው ራሱን በአጭሩ እንለፈው። ጥማድ ስንል ሩብ ሄክታር ማለታችን ነው። በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሴንቲሜትር፣ ማለትም ክንድ ተኩል፤ በተክልና በተክል መካከል 30 ሴንቲሜትር። እንዲህ ሲተከል አንድ ጥማድ 11,000 ያህል ዘር ይወስዳል፤ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ከሆነ ክብደቱ አምስት ኩንታል ይሆናል። ጉንቁሉ ወደ ላይ ይሁን። ማዳበሪያው ለአንድ ጥማድ 60 ኪሎ ገደማ ኤንፒኤስና 36 ኪሎ ገደማ ዩሪያ ነው፤ የአፈር ምርመራ ያደረገ ሰው ምርመራው የሰጠውን ይከተል። ኤንፒኤሱ ሁሉ በተከላ ቀን ከዘሩ ጎንና ሥር ገብቶ በአፈር ይሸፈናል፤ ዘሩን በቀጥታ ከነካ ጉንቁሉን ያቃጥላል። ዩሪያው ግማሹ በተከላ፣ ግማሹ በ45 ቀን አካባቢ፣ ከኩትኳቶ ጋር፣ አፈሩ ሲረጥብ። በበልግ በደረቅ አፈር ላይ የተበተነ ዩሪያ ወደ አየር ይሄዳል። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን አፈር አስታቅፉት፤ በሦስት ሳምንት ይደገም። በደንብ የታቀፈ ድንች ፀሐይ አያረነጉደውም፤ የሰኔ ዝናብም የበሽታውን ዘር ከቅጠል አጥቦ ወደ ፍሬው አያደርሰውም።

መጋቢትም ሚያዝያም ያለፈበት ሰው ምን ያድርግ? ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሩጦ አይትከል የሚል ነው ምክራችን። ግንቦት 1 ልደታ ቀን የተተከለ ድንች ነሐሴ 16 ነው የሚደርሰው፤ የሚወፍርበት ጊዜ ሁሉ ጭጋግ ነው። በክረምት መትከል ካለበት ክረምትን አውቆ ይትከል። የአካባቢው ነባር ዝርያ ለዚህ አይሆንም፤ ጣዕሙን ብንወደውም በሽታውን አይችልም። ከተሻሻሉት ውስጥ ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔና በለጠ፣ እንዲሁም ከአዴት የምርምር ማዕከል የወጣው ዳግም ይሻላሉ። እነዚህም ቢሆኑ ይታገሡታል እንጂ አይያዙም ማለት አይደለም። መድኃኒት ተዘጋጅቶ ይቆይ። ማንኮዜብ የሚረጨው በሽታው ሳይታይ፣ ቅጠል ከቅጠል ሊገናኝ ሲል ነው፤ ከዚያ በየ7 እስከ 10 ቀኑ። የመጀመሪያው ጥቁር ነጥብ ሲታይ ወደ ሪዶሚል ይኬዳል፤ እርሱን በአንድ ወቅት ከሁለት ጊዜ በላይ አትርጩ፣ በሽታው ይለምደዋል። መጠኑን ከማሸጊያው አንብቡ፤ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ ርጩ። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ የመጋቢት ተክል አብዛኛውን ያተርፋል።

በነሐሴ መጨረሻ በቀረ እርጥበት የሚተክሉም አሉ። ነሐሴ 20 የተተከለ፣ ጳጉሜን ጨምረን ስንቆጥር፣ መቶ ቀን የሚሞላው ኅዳር 25 ነው። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደጋው ላይ ውርጭ አለ። ተዳፋት መሬት ካልሆነ በቀር ሁለት ሌሊት ውርጭ ፍሬው ሳይወፍር ቅጠሉን ይጨርሰዋል።

ብዙ ጊዜ የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎችን መልሰን እንጨርስ። አንዱ «ዘር ስለሚወደድ ትልልቁን ድንች ቆርጠን ብንተክልስ?» የሚለው ነው። በበልግ አትቁረጡ። የተቆረጠ ዘር ቆዳ የለውም፤ አፈሩ ሲደርቅ ይደርቃል፣ ሲረጥብ ይበሰብሳል፤ የሦስት ሳምንት ድርቅ ያገኘው ማሳ ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው። ቢላዋውም የአጠውላጊውን በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ድንቹ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ድንገት ቢጠወልግባችሁ ግንዱን ከሥሩ ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁርጡ እንደ ወተት ክር የመሰለ ነገር ወደ ታች ከወረደ በሽታው እርሱ ነው። ያን ማሳ ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ቢያንስ ሦስት ዓመት አይይው፤ ወፍ ዘራሽ ድንች ከበቀለበትም ይነቀል፤ ያለበለዚያ የሦስት ዓመቱ ቆጠራ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው «ሰኔ 25 ቆፍረን መሬቱ ባዶ ይቀራል ወይ?» የሚል ነው። አይቀርም። የበልግ ድንች የቆፈረ ማሳ ተገላብጦ፣ ተኮትኩቶ፣ አረሙ ሞቶ የሚገኝ ነው፤ በሐምሌ መጀመሪያ ጤፍ ይዘራበታል። የተረፈው ማዳበሪያም ለጤፉ ይሆናል። በገበያም በኩል የሰኔ መጨረሻ ጊዜው ጥሩ ነው፦ የሐዋርያት ጾም ነው፣ ጎተራው እየጎደለ ነው፣ ፍልሰታም ወር ተኩል አይሞላትም። ለዘር የሚቀረውን ግን ያን ቀን ለዩት። ዝናብ ባቆመበት ሰዓት ቆፍራችሁ፣ ሳታጥቡ፣ የቆሰለውንና የጠቆረውን አውጥታችሁ፣ የእንቁላል መጠን ያለውን ወዲያው ቆጥ ላይ አውጡ። ሰኔ 25 ቆጥ ላይ የወጣ ዘር ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መቶ ቀን አልፎት ጉንቁሉ ደርሶ ታገኙታላችሁ፤ መስኖ ላለው ሰው የሚተከለው ያኔ ነው።